የሰው ዘረመል ምርምር፦ ዕውቀቱ፣ ጥቅሙና የሚያስከትለው ኃላፊነት

የሰው ዘረመል ምርምር ሰው ከወላጆቹ የሚወርሰውን ተፈጥሯዊ መረጃ፣ ይህ መረጃ በአካሉና በጤናው ላይ ያለውን ድርሻ፣ እንዲሁም ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ የሚደርስበትን ለውጥ የሚያጠና የሳይንስ ዘርፍ ነው። ከሌሎች የሕክምና ምርምሮች የሚለየው፣ ከአንድ ሰው የተወሰደ ጥቂት ደም ስለ ሰጪው ብቻ ሳይሆን ስለ ወላጆቹ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ወንድምና እኅቶቹ፣ አልፎም ስለ ወጣበት ማኅበረሰብ የሚናገር በመሆኑ ነው። በዚህ ምክንያት ዘርፉ የሚያነሣቸው ጥያቄዎች ከቤተ ሙከራ ወጥተው ፍርድ ቤት፣ የኢንሹራንስ ድርጅት፣ የኢሚግሬሽን ቢሮና የጋብቻ ሽምግልና ድረስ ይዘልቃሉ። ይህ ዳሰሳ የዘርፉን ዋና ዋና ግኝቶች፣ በስሙ የተፈጸሙትን በደሎችና ዛሬ የሚያከራክሩትን ጉዳዮች በተራ ይመለከታል፤ የሚደርስበትም መደምደሚያ፣ የዘረመል ዕውቀት የሚመዘነው በትክክለኛነቱ ብቻ ሳይሆን ናሙናቸውን ለሰጡት ሰዎች በሚመልሰው ጥቅምና በሚያደርግላቸው ጥበቃ ጭምር ነው የሚል ነው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዕውቀቱ መሠረት

በብርኖ ከተማ ገዳም ይኖር የነበረው መነኩሴ ግሬጎር ሜንደል የአተር ተክሎችን ለዓመታት እያዳቀለ በመከታተል፣ የውርስ ባሕርያት ተደባልቀው የሚጠፉ ሳይሆኑ ራሳቸውን ችለው በሥርዓት የሚተላለፉ መሆናቸውን በ1866 ባሳተመው ጥናት አሳየ። ሥራው እርሱ በሕይወት ሳለ ብዙም ሰሚ ሳያገኝ ቆይቶ በ1900 እንደገና ሲገኝ ለዘመናዊው ዘርፍ መነሻ ሆነ። በ1953 ደግሞ ጄምስ ዋትሰንና ፍራንሲስ ክሪክ፣ በሮዛሊንድ ፍራንክሊን የኤክስሬይ ጥናት ውጤት ጭምር ተደግፈው፣ ዲኤንኤ እርስ በርሳቸው የተጠማዘዙ ሁለት ሰንሰለቶች ያሉት ሞለኪውል መሆኑን ገለጹ። በሞለኪውሉ ላይ አዴኒን፣ ታይሚን፣ ጓኒንና ሳይቶሲን የሚባሉ አራት ኬሚካላዊ ንጥረ ነገሮች እንደ ፊደል ተደርድረው መረጃ ይይዛሉ። ጂን የሚባለው የዚህ ድርድር አንድ ክፍል ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድን ፕሮቲን ለመሥራት የሚያስፈልገውን መመሪያ የያዘ ነው፤ ጂኖች ተጠቅልለው የሚገኙባቸው አካላት ክሮሞሶም ይባላሉ፤ የአንድ ሰው የዘረመል መረጃ በጠቅላላው ደግሞ ጂኖም ይሰኛል። ሰው በእያንዳንዱ የአካል ሕዋሱ ውስጥ 46 ክሮሞሶሞች እንዳሉት የተረጋገጠው በ1956 ነው።

የሰውን ጂኖም ሙሉ በሙሉ ለማንበብ የታቀደው ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት በ1990 ተጀምሮ፣ የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ የጀርመን፣ የጃፓንና የቻይና ቤተ ሙከራዎች ተባብረውበት፣ ወደ ሦስት ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ወጥቶበት በ2003 መጠናቀቁ ታወጀ። በወቅቱ በነበረው መሣሪያ ሊነበብ ያልቻለው 8 በመቶ ያህሉ ክፍል ግን ተነብቦ ያለቀው በ2022 ነው። ሦስት ቢሊዮን ገደማ ፊደላት ካሉት ከዚህ ድርድር ውስጥ ፕሮቲን የሚያሠሩት ጂኖች 20 ሺህ አካባቢ ብቻ ሆነው መገኘታቸው፣ ከዚያ በፊት እስከ 100 ሺህ ይደርሳሉ ብለው ይገምቱ ለነበሩ ባለሙያዎች ያልተጠበቀ ነበር። የሰው አፈጣጠር ውስብስብነት በጂኖች ብዛት ሳይሆን ጂኖቹ በሚታዘዙበት፣ በሚተባበሩበትና ከአካባቢያቸው ጋር በሚገናኙበት መንገድ የሚገለጽ መሆኑን ያስረዳው አንዱ ውጤት ይህ ነው።

ከዚህ አኳያ የዘረመል ድርሻ ያለባቸው ሕመሞች በሁለት ሊከፈሉ ይችላሉ። አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ቀይ የደም ሕዋሳትን ማጭድ መሰል ቅርጽ የሚያስይዘው የሲክል ሴል በሽታ፣ በአንድ ጂን ውስጥ በአንዲት ፊደል መለወጥ ብቻ የሚመጡ ናቸው። ስኳር፣ የደም ግፊትና የልብ በሽታን የመሳሰሉት አብዛኞቹ የጋራ ሕመሞች ግን እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ ድርሻ ባላቸው እጅግ ብዙ የጂኖም ክፍሎች፣ በአመጋገብ፣ በኑሮ ሁኔታና በሥራ ጠባይ ድምር የሚወሰኑ ናቸው። ይህ ልዩነት በሚገባ ካልተብራራ ሕዝብ ከሳይንሱ የሚረዳው ነገር ይዛባል።

ውርስና ኑሮ ሲገናኙ፦ የእግር ዝሆኔ ትምህርት

ጂንና የኑሮ ሁኔታ እንዴት እንደሚተሳሰሩ ከሚያስረዱ ጥናቶች ሁሉ ጎላ ብሎ ሊጠቀስ የሚገባው አንዱ በኢትዮጵያ የተካሄደው ነው። ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው የእግር ዝሆኔ ዓይነት በትል ወይም በተላላፊ ተሕዋስ የሚመጣ አይደለም፤ ከእሳተ ገሞራ በመነጨ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር በሚሄዱ ሰዎች ቆዳ ውስጥ የሚገቡ ጥቃቅን የማዕድን ቅንጣቶች የሊምፍ ቧንቧዎችን እያቆሰሉ እግርን የሚያሳብጡበት በሽታ ነው። በአንድ ቀዬ አንድ ዓይነት አፈር ከሚረግጡት መካከል አንዳንዱ ታሞ ሌላው ጤነኛ ሆኖ መኖሩ፣ በሽታውም በተወሰኑ ቤተሰቦች ውስጥ በርክቶ መታየቱ የዘረመል ድርሻ እንዳለው አመላክቷል። ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ ከደቡብ ኢትዮጵያ በሰበሰቡት ናሙና ላይ ተመሥርተው በ2012 ያሳተሙት ጥናት፣ ለበሽታው ተጋላጭነት ሰውነት የራሱን ከባዕድ ነገር እንዲለይ ከሚረዱት የኤችኤልኤ ጂኖች ጋር ግንኙነት እንዳለው አሳየ።

የዚህ ጥናት ማኅበራዊ ገጽታ ከሳይንሳዊው አያንስም። በበሽታው የተያዙ ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው በጋብቻ፣ በዕድርና በልዩ ልዩ ማኅበራዊ ግንኙነት የሚገለሉ በመሆናቸው፣ “በሽታው በዘር ይወረሳል” የሚለው ዜና ብቻውን ቢሰራጭ መገለሉን ያባብሰው ነበር። ተመራማሪዎቹ ይህን ስለተገነዘቡ፣ ደም መውሰድ ከመጀመራቸው አስቀድመው ነዋሪው ስለ ምርምርና ስለ ፈቃድ ያለውን አመለካከት አጥንተው የመረጃና የፈቃድ አሰጣጡን ሥርዓት ከአካባቢው ሁኔታ ጋር አስማምተው አዘጋጁ። ለሕዝቡ ሊደርስ የሚገባው ሙሉው እውነት፣ ተጋላጭነት ቢወረስም ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ያደረገና እግሩን በውኃና በሳሙና የሚታጠብ ሰው በበሽታው ከመያዝ ሊድን ይችላል የሚለው ነው። ስለዚህ በዚህ በሽታ ታሪክ ውስጥ ጂን ያለ ድህነት ብቻውን ሕመም አላመጣም፤ ሕመሙን ለመከላከልም ውድ የዘረመል ሕክምና ሳይሆን ጫማ፣ ውኃና ሳሙና ይበቃሉ።

ውርስ እንደ ዕጣ ሲቆጠር

በውርስና በኑሮ ሁኔታ መካከል ያለው ይህ ሚዛን ሲጠፋ ምን እንደሚከተል የ20ኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ ይመሰክራል። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን በ1883 ዩጀኒክስ ብሎ የሰየመው አስተሳሰብ፣ “የተሻሉ” የሚባሉ ሰዎች እንዲበዙና “ያነሱ” የሚባሉት እንዳይወልዱ በማድረግ የሰውን ዘር ማሻሻል ይቻላል የሚል ነበር። ድህነት፣ ወንጀል፣ ስካርና የአእምሮ ሕመም ሁሉ ተጠቃለው የውርስ ውጤት ተደርገው ስለታዩ፣ የአሜሪካዋ ኢንዲያና ግዛት በ1907 በግዳጅ የማምከን ሕግ አወጣች፤ ሌሎች ግዛቶችም ተከተሏት፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ በ1927 እንዲህ ያለውን ሕግ አጸደቀ። በዚህ አሠራር በአሜሪካ ከ60 ሺህ በላይ ሰዎች እንዳይወልዱ ተደረጉ። የናዚ ጀርመን መንግሥት በሐምሌ 1933 ባወጣው ተመሳሳይ ሕግ 400 ሺህ ያህል ሰዎችን ካመከነ በኋላ፣ አስተሳሰቡን እስከ ጅምላ ግድያ አደረሰው። በደሉን የፈጸሙት ከሳይንስ የራቁ ሰዎች ብቻ አልነበሩም፤ ሐኪሞች፣ ፕሮፌሰሮችና ዳኞች ተካፍለውበታል። ያልተረጋገጠ ግምት የሳይንስ ማዕረግ ተሰጥቶት የመንግሥት ኃይል ሲታከልበት የሚያደርሰው ጥፋት ወሰን እንደሌለው ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በሰዎች መካከል ስላለው ልዩነት

የጂኖም ጥናት ራሱ የዩጀኒክስን መሠረት ንዶታል። በዓለም ላይ ያሉ ማናቸውም ሁለት ሰዎች በጂኖማቸው 99.9 በመቶ ያህል ይመሳሰላሉ። ሪቻርድ ለዎንቲን በ1972 ባሳተመው ትንታኔ ከሰው ልጆች የዘረመል ልዩነት ወደ 85 በመቶ የሚጠጋው በአንድ ሕዝብ ውስጥ ባሉ ግለሰቦች መካከል የሚገኝ መሆኑን፣ “ዘር” ተብለው በተለምዶ በተከፋፈሉት ቡድኖች መካከል ያለው ግን ከጥቂት በመቶ እንደማይበልጥ አሳይቷል። የትውልድ ሐረግ በጂኖም ላይ አሻራ የሚተው ቢሆንም፣ አሻራው ሕዝቦችን በበላይና በበታች ለመደልደል የሚያስችል አይደለም።

በኢትዮጵያ የተደረጉ ሁለት ጥናቶች ይህ አሻራ በጥንቃቄ መነበብ እንዳለበት ያሳያሉ። የመጀመሪያው በጋሞ ደጋማ አካባቢ፣ ሞታ በሚባለው ዋሻ ተቀብሮ በተገኘ ከ4,500 ዓመት ገደማ በፊት በኖረ ሰው አጽም ላይ የተካሄደው ነው። በ2015 የታተመው ይህ ሥራ ከአፍሪካ የተገኘ የመጀመሪያው ሙሉ ጥንታዊ ጂኖም ሲሆን፣ ደራሲዎቹ ከዚያ ዘመን በኋላ ከዩራሲያ የተመለሰ የሕዝብ ፍልሰት መላዋን አፍሪካ አዳርሷል ብለው ነበር። ብዙ ሳይቆይ ግን በኮምፒዩተር ትንታኔያቸው ላይ ስሕተት መፈጸሙን ራሳቸው አስታውቀው፣ ፍልሰቱ በምሥራቅ አፍሪካ የሚታይ ቢሆንም መላዋን አህጉር አዳርሷል የተባለው ትክክል አለመሆኑን በ2016 አረሙ። ስለ ሕዝብ አመጣጥ የሚነገር የዘረመል ግኝት ዜና ሆኖ ሲሰማ ለእርማት ክፍት መሆኑ ሊዘነጋ እንደማይገባ ይህ ያስተምራል።

ሁለተኛው ጥናት በደቡብ ኢትዮጵያ የአሪ ሕዝብ አባላት በሆኑት ገበሬዎችና አንጥረኞች ላይ የተደረገ ነው። አንጥረኞቹ ከገበሬዎቹ ጋር እንዳይጋቡ በልማድ የተገለሉ ሲሆኑ፣ በጂኖም ትንታኔም ከእነርሱ ተለይተው ይታያሉ፤ ይህም ሁለቱ ከተለያየ ምንጭ የመጡ ናቸው የሚለውን አስተያየት የሚደግፍ መስሎ ነበር። ሉሲ ቫን ዶርፕና ባልደረቦቿ፣ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪዎችም ተሳትፈውበት፣ በ2015 ያሳተሙት ጥናት ግን ሁለቱ ወገኖች ካለፉት 4,500 ዓመታት ወዲህ ከአንድ ምንጭ የተለያዩ መሆናቸውን፣ ልዩነቱንም የፈጠረው መገለሉ ራሱ መሆኑን አመለከተ። አንድ አነስተኛ ቡድን ከሌላው እንዳይጋባ ሲከለከል በውስጡ ያለው የዘረመል ልዩነት ከትውልድ ወደ ትውልድ እየጠበበ ስለሚሄድ፣ ከጊዜ በኋላ የተለየ ምንጭ ያለው ይመስላል። ስለዚህ መገለሉ የልዩነቱ ምክንያት እንጂ ልዩነቱ የመገለሉ ማስረጃ አይደለም። የእጅ ሙያተኞችን በሚንቅ ልማድ ለተጎዳ ማኅበረሰብ፣ ከአንድ የዘረመል ጥናት የሚገኝ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ፍርድ አይኖርም።

የአፍሪካ ድርሻ ለምን ያንሳል?

የሰው ልጅ ረጅሙን ዘመን የኖረው በአፍሪካ በመሆኑ ከሁሉም አህጉራት ይልቅ ሰፊው የዘረመል ልዩነት የሚገኘው እዚሁ ነው። ይሁንና በሽታን ከጂኖም ጋር ያያያዙ ጥናቶች በ2016 ሲቆጠሩ፣ ከተሳታፊዎቻቸው 81 በመቶ ያህሉ የአውሮፓ የትውልድ ሐረግ ያላቸው ሆነው ሲገኙ፣ የአፍሪካ ተወላጆች ድርሻ 3 በመቶ ገደማ ነበር። ከ50 የሚደርሱ የቋንቋና የብሔር ቡድኖች በተውጣጡ 426 አፍሪካውያን ላይ ተደርጎ በ2020 የታተመ ጥናት ደግሞ፣ ቀድሞ ያልተመዘገቡ ከሦስት ሚሊዮን በላይ የዘረመል ልዩነቶችን አግኝቷል።

ጉድለቱ የፍትሕ ብቻ ሳይሆን የሕክምናም ነው። በቴክሳስ ዳላስ ሄለን ሆብስና ጆናታን ኮኸን የመሩት ጥናት፣ ፒሲኤስኬ9 የተባለው ጂን የማይሠራላቸው አንዳንድ አፍሪካ አሜሪካውያን ጎጂ ኮሌስትሮላቸው ዝቅተኛ፣ የልብ ሕመማቸውም አነስተኛ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ፣ በዚሁ መንገድ ኮሌስትሮልን የሚቀንሱ መድኃኒቶች በ2015 ጸድቀው በየአገሩ ያሉ ሕሙማንን ማገልገል ጀምረዋል። እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ በ1996 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ፣ ብዙ መድኃኒቶችን በጉበት ውስጥ የሚለውጠው ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለ ጂን ከጥናቱ ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ በሚሆኑት ላይ ተባዝቶ እንደሚገኝ አሳይቷል። ኮዴይን የሚባለው ማስታገሻ የሚሠራው በዚህ ጂን አማካይነት ወደ ሞርፊን ሲለወጥ በመሆኑ፣ ጂኑ የተባዛለት ሰው በተለመደው መጠን እንኳ ለአደገኛ የሞርፊን ክምችት ሊጋለጥ ይችላል። ሌሎች አገሮች በራሳቸው ሕዝብ ላይ ሞክረው የወሰኑት የመድኃኒት መጠን ለሁሉም አይስማማም የሚለው ጉዳይ ለኢትዮጵያውያን ሐኪሞች፣ በአሜሪካ፣ በእስራኤልና በአውሮፓ ላሉ ኢትዮጵያውያን ሕሙማንም በተግባር የሚነካቸው ጉዳይ ነው።

ፈቃድ፣ ባለቤትነትና ምስጢር

ናሙና ማን ይሰጣል፣ ማንስ ይጠቀማል የሚለው ጥያቄ በሄንሪታ ላክስ ታሪክ ጎልቶ ወጥቷል። ይህች አፍሪካ አሜሪካዊት እናት በ1951 በባልቲሞር በካንሰር ስትታከም ሳታውቅ የተወሰዱት ሕዋሳት በቤተ ሙከራ ያለማቋረጥ እየተባዙ ለፖሊዮ ክትባት ሥራና ለብዙ የሕክምና ግኝቶች ሲውሉ፣ ቤተሰቧ ለብዙ ዓመታት የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ከአንድ የባዮቴክኖሎጂ ኩባንያ ጋር ስምምነት ላይ የደረሱትም በ2023 ነው። በግራንድ ካንየን የሚኖሩት የሀቫሱፓይ ሕዝብ አባላት ደግሞ ከ1990 ጀምሮ ለስኳር በሽታ ጥናት ብለው የሰጡት ደም ለስኪዞፍሬንያና ለጥንታዊ ፍልሰት ጥናቶች እንደዋለ ሲያውቁ ከሰሱ፤ በ2010 በተደረሰው ስምምነት ካሣ ከመከፈሉም በላይ የቀረው ናሙና ተመለሰላቸው። ፈቃድ ማለት አንድ ጊዜ የተፈረመ ወረቀት ሳይሆን፣ ሰጪው ናሙናው ለምን ዓላማ እንደሚውል ተረድቶ የሚስማማበትና ሊያነሣው የሚችለው ውል መሆኑን እነዚህ ጉዳዮች አስተምረዋል። የጂን ባለቤትነትን በሚመለከትም የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2013፣ ከጡትና ከእንቁልጢ ካንሰር ጋር በተያያዙት ሁለት ጂኖች ላይ የባለቤትነት መብት ይዞ የነበረውን ኩባንያ በሚመለከተው ክርክር፣ በተፈጥሮ የሚገኝ ዲኤንኤ የማንም የፈጠራ መብት ሊሆን አይችልም ሲል ወስኗል።

የምስጢር ጉዳይም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። አሜሪካ በ2008 ባወጣችው ሕግ ቀጣሪዎችና የጤና ኢንሹራንስ ድርጅቶች በዘረመል መረጃ ሰውን እንዳያበላልጡ ብትከለክልም፣ የሕይወትና የአካል ጉዳት ኢንሹራንስ በዚህ ሕግ አይሸፈኑም። ምራቅ ተቀብሎ የትውልድ ሐረግ የሚናገረው 23ኤንድሚ የተባለው ኩባንያ በ2023 የ6.9 ሚሊዮን ተጠቃሚዎች መረጃ ከተሰረቀበት በኋላ በመጋቢት 2025 የኪሳራ ጥበቃ መጠየቁ፣ አንድ ሰው ለራሱ ብሎ የሰጠው የቤተሰቡ ሁሉ መረጃ በማን እጅ ሊገባ እንደሚችል የሚያሳስብ ሆኗል። ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ የሚነካው ደግሞ የቤተሰብ ማገናኘት ጉዳይ ነው፤ የአሜሪካ መንግሥት በናይሮቢ ጀምሮ ኢትዮጵያን ወደ ጨመሩ አገሮች ባስፋፋው የሙከራ የዲኤንኤ ምርመራ ላይ ተመሥርቶ፣ በ2008 አንዱን የስደተኞች ቤተሰብ ማገናኛ ፕሮግራም አግዶ፣ በ2012 የዲኤንኤ ማረጋገጫን ግዴታ አድርጎ ዳግም ከፍቷል። ምርመራው ማጭበርበርን እንደሚገታ አይካድም፤ ሆኖም በጦርነትና በሞት ወላጅ ያጡ የዘመድ ልጆችን እንደ ራሱ ልጅ የሚያሳድግ ቤተሰብ፣ ያሳደገው ልጅ “የአብራክህ ክፋይ አይደለም” ተብሎ ሲለይበት፣ ዲኤንኤ ሥጋዊ ዝምድናን እንጂ ወላጅነትን እንደማይለካ ግልጽ ይሆናል።

ጂንን ማረም

ጄኒፈር ዳውድናና ኢማኑኤል ሻርፐንቲዬ በ2012 ያስተዋወቁት ክሪስፐር የተባለው ዘዴ፣ ዲኤንኤን በተፈለገው ቦታ ቆርጦ ለመለወጥ የሚያስችል በመሆኑ በ2020 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። በዚህ ዘዴ የሚሠራው የመጀመሪያው ሕክምና በ2023 መጨረሻ በእንግሊዝና በአሜሪካ ለሲክል ሴል ሕሙማን ጸድቋል፤ በአሜሪካ ሲጸድቅ ዋጋው ግን 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በሽታው አብዝቶ የሚጎዳው አፍሪካውያንን ሆኖ ሳለ ለአብዛኞቹ የአህጉሪቱ ሕሙማን የማይቀመስ ሕክምና መሆኑ፣ የሳይንስ ድልና የፍትሕ ጉድለት አብረው የተወለዱበት ምሳሌ ነው። ይህ ሕክምና የሚለውጠው የታካሚውን ሕዋሳት ብቻ ሲሆን፣ በፅንስ ላይ የሚደረግ ለውጥ ግን ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። ቻይናዊው ሳይንቲስት ሄ ጂያንኩይ በኅዳር 2018 ጂናቸው በፅንስነታቸው የተለወጠ መንትዮች መወለዳቸውን ባስታወቀ ጊዜ ከሳይንሱ ዓለም ከባድ ውግዘት የደረሰበት፣ ደህንነቱ ባልተረጋገጠ ዘዴ ገና ላልተወለዱና እሺ ወይም እንቢ ለማለት ለማይችሉ ሰዎች በመወሰኑ ነው፤ በኋላም በአገሩ ፍርድ ቤት የሦስት ዓመት እስራት ተፈርዶበታል።

ማጠቃለያ

ዩኔስኮ በ1997 ባወጣው ዓለም አቀፍ መግለጫ የሰው ጂኖም የሰብአዊ ቤተሰብ አንድነት መሠረት መሆኑን አውጆ፣ ማንም ሰው በዘረመል ባሕርዩ እንዳይገለል ጠይቋል። ኢትዮጵያም እንደ ራሷ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. ያጸደቀችው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ የዘረመል መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹ መረጃዎች ተርታ አስቀምጧል። ሕግ መጻፉ ግን መጀመሪያ ነው፤ ከሕጉ ጋር በሥነ ምግባር ኮሚቴዎች የሚሠሩ የሠለጠኑ ባለሙያዎች፣ ናሙናን በአገር ውስጥ የሚተነትኑ ቤተ ሙከራዎች፣ እንዲሁም ውጤቱን በሕዝቡ ቋንቋ የሚያስረዱ የዘረመል አማካሪዎች ያስፈልጋሉ። ከእግር ዝሆኔ ጥናት እስከ አሪ አንጥረኞች የተመለከቱት ምሳሌዎች እንደሚያረጋግጡት፣ ዘረመል በሚገባ ሲጠና መገለልን የሚያፈርስ፣ በጥድፊያና በንቀት ሲጠና ግን የሚያጸና ዕውቀት ነው። ስለዚህ ከኢትዮጵያውያን ናሙና የሚወስድ ማንኛውም ምርምር፣ ተሳታፊዎቹ ምን እንደሚጠቀሙ፣ መረጃቸው የት እንደሚቀመጥና ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ምን ድርሻ እንደሚኖራቸው አስቀድሞ በጽሑፍ ሳያረጋግጥ ሊጀመር አይገባም፤ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የጤና ሚኒስቴርና የሕግ አውጪው አካልም ይህን በግዴታነት እንዲደነግጉ ወቅቱ ይጠይቃል።